ከታጠበ በኋላ የዞረው ሹራብ፦ በደብረ ብርሃን በእጅ ተነክሮ የተፈተለ የበግ ጠጉር የጉዳይ ጥናት

ይህ ጥናት የሚመለከተው አንድ ሹራብን ነው። ሹራቡ ለአንድ ጎልማሳ ወንድ ተለክቶ፣ በእጅ ቀለም ከተነከረና በእንዝርት ከተፈተለ የመንዝ በግ ጠጉር በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር ተሠርቶ ያለቀ ሲሆን፣ ከመርፌው ሲወርድ አንድም እንከን አልታየበትም ነበር። ለብ ባለ ውኃ አንድ ጊዜ ብቻ ታጥቦ ጥላ ላይ ተዘርግቶ ከደረቀ በኋላ ግን፣ ከብብት ጀምሮ ቀጥ ብሎ መውረድ የነበረበት የጎን ስፌት ወደ እምብርት አቅጣጫ አዘንብሎ ተገኘ። ከብብት እስከ ላስቲኩ፣ ማለትም እስከ ሹራቡ የሚለጠጥ የታች ጠርዝ ድረስ ባለው 42 ሳንቲ ሜትር ቁመት ላይ ስፌቱ ከቦታው 11 ሳንቲ ሜትር ሸሽቶ ነበር፤ ይህም ወደ 15 ዲግሪ የሚጠጋ ዝንባሌ ነው። እንዲህ ያለ ልብስ ለብሶ የሚሄድ ሰው ከወገቡ የተጠመዘዘ ይመስላል። ለደንበኛ ሊሰጥ የሚችል አልነበረም፤ አልተሰጠምም።

እኔ በሹራብ ሥራ የምተዳደር ሴት ነኝ። ለብዙ ዓመታት የሠራሁት በፋብሪካ ክር ነው፤ አብዛኛው ደግሞ ሱፍ የሚል ስም ይሰጠው እንጂ አክሪሊክ ነው። በእጅ የተፈተለውን የአገር ጠጉር ለሹራብ ማዋል የፈለግሁት ሁለቱም ሙያ በአንድ ከተማ እየኖረ ሳይገናኝ በመቅረቱ ስለምቆጭ ነው። ስለዚህ ስሕተቱን ሸፍኜ ወደ ፋብሪካው ክር ከመመለስ ይልቅ ምክንያቱን እስከ ሥሩ መከታተል መረጥሁ። ፍለጋው አምስት ወር ወሰደ።

ጠጉሩና ፈታዮቹ

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ ከእርሷ በስተሰሜን ያለው የመንዝ ደጋ ደግሞ በብዙ ቦታ ከዚህም ይበልጣል። በዚህ ብርድ የሚኖረው የመንዝ በግ ላቱ ወፍራም፣ ጠጉሩ ረዥምና ሻካራ ነው። የአካባቢው ሰው ይህን ጠጉር ሸልቶ፣ በደጋን ነድፎና ፈትሎ በርኖስ፣ ባና እና ዝተት ሲያሠራበት ኖሯል። በከተማዋ የብርድ ልብስ ፋብሪካ የተቋቋመውም ይህ ሙያና ይህ ጠጉር ባለበት ምድር ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባልልኝ፦ የተዘረዘሩት ልብሶች ሁሉ በሽመና የሚሠሩ ናቸው። ፈታዮቹ ከእናቶቻቸው የተቀበሉት ሙያ ሸማኔ የሚፈልገውን ክር ማውጣት ነው፤ ለሹራብ የሚሆን ክር ማንም ጠይቋቸው አያውቅም።

ሥራውን የተቀበሉኝ ሦስት ፈታዮች ናቸው። ከሦስቱ በዕድሜ የሚበልጡት፣ ሁላችንም እማማ እያልን የምንጠራቸው እናት፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ እንዝርት ከእጃቸው ተለይቶ አያውቅም። ጥጥም ጠጉርም ይፈትላሉ። እርሳቸው የፈተሉትን ክር ብርሃን ላይ ዘርግቼ ስመለከት ከጫፍ እስከ ጫፍ ውፍረቱ አንድ ነበር፤ ስለዚህ ጥፋቱን ከፈታዮቹ የእጅ ጥራት ላይ መፈለግ ከመጀመሪያው ከንቱ እንደሚሆን አውቄዋለሁ።

ቀለሙ

ጠጉሩ የተነከረው ከመፈተሉ በፊት ነው። ይህን የመረጥሁበት ምክንያት፣ ያልተፈተለ ጠጉር ቀለሙን ወጣ ገባ አድርጎ ቢቀበልም በኋላ ሲነደፍ የደመቀውና የፈዘዘው ተቀላቅሎ አንድ ሕይወት ያለው ቀለም ስለሚሰጥ ነው። ለቀይና ለሰማያዊ ሴቶች አክርማ የሚነክሩበትን፣ በገበያ የሚሸጠውን ዱቄት ተጠቀምን፤ ለቢጫው የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ቀለሙ ጠጉሩን እንዲይዝ ከሚያደርገው ከአሉም ጋር ቀቀልን። ጠጉሩ አስቀድሞ ታጥቦ ቅባቱ ከወጣለት በኋላ ረጥቦ ወደ ድስቱ ገባ፣ አቼቶ ተጨመረበት፣ እሳቱም ቀስ እያለ ከፍ ተደረገ። በደብረ ብርሃን ከፍታ ውኃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ለጠጉር የሚበቃው ሙቀት ብዙም ሳይርቅ ይገኛል፤ አደጋው ያለው ድስቱ ሲንፈቀፈቅ ጠጉሩ አብሮ መገላበጡ ላይ ነው። ትኩስ ጠጉር ከተነካካ፣ ይልቁንም ከትኩስ ውኃ ወጥቶ በድንገት ቀዝቃዛ ውስጥ ከተነከረ፣ ቅርፊቶቹ ተቆላልፈው ከዚያ ወዲያ ደጋንም አይፈታውም። እኛም ድስቱን ከእሳት አውርደን እንደ ተከደነ አሳደርነው፤ ጠጉሩ የታጠበው በማግስቱ ነው።

ከነከራው የተረፈን ችግር አንድ ብቻ ነበር። ቅባቱ ታጥቦ የወጣለት ጠጉር ሲፈተል ይደርቃል፣ ይበጠሳል፣ በደረቅ አየር ከጣት ላይ ብድግ ብሎ ይቆማል። ፈታዮቹ የለመዱት የበጉ ቅባት ያልለቀቀውን ጠጉር ስለነበር «ይሄ ጠጉር አልታዘዝ አለ» አሉኝ። ለብ ባለ ውኃ ላይ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርገን እያርከፈከፍን ጠጉሩን በጨርቅ ሸፍነን በማሳደራችን ተስተካከለ። በመጀመሪያ የተጠቀምነው የኑግ ዘይት ነበር፤ የኑግ ዘይት ግን አየር ባገኘው ቁጥር እየወፈረ የሚጣበቅ ጠባይ ስላለው፣ ክሩ ሳይታጠብ ወራት የሚቆይ ከሆነ ሌላ ዘይት ቢመረጥ ይሻላል።

ምክንያቱ የተገኘበት መንገድ

ሹራቡ በዞረ ጊዜ መጀመሪያ የተጠራጠርሁት ራሴን ነው። የፊቱንና የጀርባውን ዓይኖች፣ ማለትም ክሩ በመርፌ የሚሠራቸውን ቀለበቶች ቆጠርሁ፤ እኩል ነበሩ። ስፌቱን ፈትቼ ሁለቱን ክፍሎች ለየብቻ ጠረጴዛ ላይ ባነጥፋቸው፣ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው አዘንብለው ጎናቸው የተገፋ አራት ማዕዘን መስለው ተገኙ። ስለዚህ ጥፋቱ ከአሰፋፉ አልነበረም። ቀጥሎ አስተጣጠቡን ተጠራጠርሁ፤ ነገር ግን ከዚያው ክር የሠራሁትን መዳፍ የሚያህል ናሙና በሌላ ጊዜ በጥንቃቄ አጥቤ ብዘረጋውም ወደዚያው አቅጣጫ አዘነበለ።

መንገዱን ያሳየኝ ላስቲኩ ነው። የሹራቡ ገላ ሁሉ አዘንብሎ ሳለ፣ ከታች ያለው ላስቲክና የእጅጌዎቹ ጫፍ ግን ቀጥ ብለው ቀርተዋል። ክሩ አንድ፣ መርፌው አንድ፣ እጁም አንድ ነው፤ የሚለየው የዓይኖቹ አሠራር ብቻ ነው። በላስቲኩ ላይ ፊት ለፊት የሚወጡትና ወደ ኋላ የሚገለበጡት ዓይኖች ስለሚፈራረቁ፣ አንዱ ዓይን ወደ ግራ ቢጎትት ጎረቤቱ ወደ ቀኝ እየጎተተ ያስተካክለዋል። ፊቱ ሁሉ ልሙጥ በሆነው ገላ ላይ ግን ሁሉም ዓይኖች አንድ ዓይነት ስለሆኑ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ይጎትታሉ። እንግዲህ የሚጎትተው ነገር ክሩ ውስጥ ያለ ኃይል መሆን አለበት።

ክሩን ይዤ ወደ እማማ ቤት ሄድሁ። ከዚያው ጠጉር ለራሳቸው ያሠሩት ዝተት አልጋቸው ላይ ተነጥፎ አየሁ፤ ታጥቦም እንደ ሰሌዳ ቀጥ ያለ ነበር። የሹራቡን ጉዳይ ስነግራቸው ብዙ አልተናገሩም። ከልቃቂቱ አንድ ክንድ የሚያህል ክር ቆርጠው በጣታቸው አንጠለጠሉት፤ ክሩ ዝም ብሎ ቁልቁል ወረደ። «አየሽው? ጨዋ ነው» አሉኝ። ከዚያም ያንኑ ክር ለሻይ በቀረበው የሙቅ ውኃ ብርጭቆ ውስጥ ነከር አድርገው አወጡትና እንደገና አንጠለጠሉት። ክሩ እንደ እባብ እየተሸበለለ በራሱ ላይ ሦስት አራት ቦታ ተጠመጠመ። እማማም «ልጄ፣ ተኝቷል እንጂ አልሞተም» አሉ።

የጉዳዩ ቁልፍ ይህ ነው። እንዝርት የሚያከረው ክር ወደ ኋላ ተመልሶ ለመፈታት ዘወትር ይታገላል። ልቃቂቱ ላይ ተጠምጥሞ ቀናት ሲቆይ ጠጉሩ ያንን ቅርጽ ስለሚለምደው ክሩ የረጋ ይመስላል፤ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኝ ግን የለመደውን ትቶ ትግሉን ይቀጥላል። የእኔ ክር ተፈትሎ ካለቀ በኋላ ሳምንት ያህል ተቀምጦ ስለነበር ስሠራው ምንም አልታወቀኝም፤ የቀሰቀሰው እጥበቱ ነው። በሽመና ጊዜ ይህ ኃይል ጉዳት የለውም፤ ድሩ ማጉን፣ ማጉም ድሩን በየመገናኛው እየረገጠ ስለሚይዘው ክሩ መዞሪያ ቦታ አያገኝም። የሹራብ ዓይን ግን ልቅ ቀለበት ስለሆነ፣ ውስጡ ያለው ክር መዞር በፈለገ ጊዜ ቀለበቱም አብሮ ይዞራል። በ10 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ላይ የሹራቡን ክር ጥምዝ ብንቆጥር 16 ሆነ። ለማግ የሚገባ አከራረር ነው፤ ነጠላ ሆኖ ለሚሠራ ሹራብ ግን ከመጠን በላይ ነው።

አማራጭ ሆኖ የቀረበልን አንዱ ነገር ክሩን ላላ አድርጎ መፍተል ነበር። አልተቀበልሁትም። የመንዝ ጠጉር ሻካራና ልሙጥ ስለሆነ በደንብ ካልከረረ እርስ በርሱ አይያያዝም፤ ሹራቡም ክርኑና ብብቱ ላይ ቶሎ ይሳሳል። መፍትሔው ክሩ በሚገባ እንዲከር ተደርጎ፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ነጠላ ክሮች በተቃራኒው አቅጣጫ በአንድ ላይ እንዲገመዱ ማድረግ ነው። ነጠላዎቹ ወደ ቀኝ ከከረሩ ግምዱ ወደ ግራ ይሆናል፤ ነጠላው ለመፈታት የሚጎትተውን ያህል ግምዱ በተቃራኒው ይጎትታል፤ ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ክሩ ያርፋል።

የግራ ጭን

ይህ በቃል ቀላል ነው። በእጅ ሲሞከር ግን ፈታዮቹ ላይ ያልታሰበ ችግር ገጠማቸው። የአገራችን ፈታይ እንዝርቷን በቀኝ ጭኗ ላይ አጋድማ በመዳፏ ገፋ ታደርጋለች፤ እንዝርቱ የሚሾረው ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። በተቃራኒው ለማዞር መዳፍን ከጉልበት ወደ ራስ መሳብ ያስፈልጋል። ለአርባና ለሃምሳ ዓመት ወደ ፊት መግፋት ብቻ የለመደ ክንድ ይህን ሲያደርግ ኃይል አይኖረውም፤ እንዝርቱ ገና ሁለቴ ሳይዞር ይወድቃል። ከሦስቱ አንደኛዋ ግማሽ ቀን ሞክራ ትከሻዋን አመማት። እኔም ከውጭ አገር የመፍተያ መንኮራኩር ማስመጣት ይሻል እንደሆነ ማሰላሰል ጀምሬ ነበር።

መላ ያገኙት እማማ ናቸው። እንዝርቱን ወደ ግራ ጭናቸው አዛውረው በግራ እጃቸው፣ እንደ ልማዳቸው ከራስ ወደ ጉልበት ገፉት። ነገሩ መስታወት ውስጥ እንደ ማየት ነው፦ የእጁ አገፋፍ ያው ሆኖ ቀኝና ግራው ስለተለዋወጠ፣ እንዝርቱ የሚያስገባው ጥምዝ ራሱ ተገለበጠ። ቦታ የተለዋወጡት እጆች ለስላሳውን ጠጉር የመሳብ ሥራ እንዲሠሩ ቢጠየቁ ባልቻሉ ነበር፤ መግመድ ግን ጠጉር መሳብን አይጠይቅም፣ የተፈተለውን ክር ማዞር ብቻ ነው። በሁለት ቀን ሦስቱም ለመዱት። በዚህ ሥራ ውስጥ ካየሁት ሁሉ እኔን ይበልጥ የነካኝ ይህ ነው፤ ምንም ዕቃ ሳይገዛ፣ ከአንድ ጭን ወደ ሌላው ጭን በመዛወር ብቻ የተፈታ ችግር ነበር።

ቀጥሎ የመጣው የመጠን ጥያቄ ነው። ምን ያህል ይገመድ? የመጀመሪያው ባለ ሁለት ግምድ ክር ግምዱ ሳስቶ ነበር፤ ናሙናው ከታጠበ በኋላ 5 ዲግሪ ያህል ወደ ቀድሞው አቅጣጫ አዘነበለ። ፈታዮቹ ይህን ሲሰሙ በጣም አከረሩት፤ ሁለተኛው ናሙና ደግሞ በተቃራኒው ወገን 4 ዲግሪ ያህል ዞረ። በሦስተኛው ላይ መለኪያ አወጣን። ነጠላው በ10 ሳንቲ ሜትር 24 ጥምዝ ካለው ግምዱ 16 ገደማ፣ ማለትም ሁለት ሦስተኛው ይሆናል። ፈታይ እየፈተለች ጥምዝ ልትቆጥር ስለማትችል ግን ይህ ቁጥር ለእኔ መመርመሪያ እንጂ ለእነርሱ መመሪያ አልሆነም። የእነርሱ መመሪያ ሌላ ነው፦ ገና ከእንዝርቱ ሳይወርድ አንድ ስንዝር ነጠላ ክር ላላ ሲደረግ በራሱ ላይ ይጠመጠማል፤ ያ የተጠመጠመው ቁራጭ ክሩ ራሱ የሚሻውን ግምድ ያሳያል። ቁራጩን ቆርጠው ካርቶን ላይ በመርፌ ወጋ አድርገው ከፊታቸው ያስቀምጡታል፤ ሲገምዱም ግምዱ ያንን እስኪመስል ድረስ ያከራሉ። ቁራጩ መወሰድ ያለበት ክሩ ትኩስ ሳለ ነው፤ ያደረ ክር ከሆነ አስቀድሞ በሙቅ ውኃ መቀስቀስ አለበት።

ሦስቱ ቀለማት

ባለ ሁለት ግምድ ክር ጠፍጠፍ ያለ ስለሆነ የሹራቡ ዓይን መሃል ላይ ክፍተት ይተዋል። ባለ ሦስቱ ክብ ነው፣ ዓይኑን ይሞላዋል፣ ለመበላትም ይጠነክራል። ስለዚህ ሦስት ግምድ ተወሰነ። በአንድ እንዝርት ሦስት ክር በአንድ ጊዜ መግመድ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ሦስቱን ልቃቂቶች በሦስት ጣሳ ውስጥ አስቀምጠን ክሮቹን ጎን ለጎን በአንድ ላይ አጠነጠንናቸው፤ ከዚያ የሦስትዮሹ ልቃቂት ተገመደ። በማጠንጠኑ ጊዜ አንዱ ክር ከሌሎቹ ላላ ካለ፣ ሲገመድ በሁለቱ ላይ እንደ ሐረግ ይጠመጠምና ክሩ ጉብታ ያወጣል፤ ለዚህ ነው እማማ እያንዳንዱን ክር በየጣቶቻቸው መካከል ለየብቻ አሳልፈው የሚይዙት።

ቀለሙን በተመለከተ የመጀመሪያው ምርጫዬ ስሕተት ነበር። ቀዩን፣ ሰማያዊውንና ቢጫውን በአንድ ላይ ሳስገምዳቸው ቱባው ከቅርብ ሲታይ የበዓል ልብስ ጥለት ይመስላል፤ ተሠርቶ ከሦስት እርምጃ ርቀት ሲታይ ግን ሦስቱ ቀለማት በዓይን ውስጥ ተቀላቅለው አመድማ ቡናማ ሆኑ። ፈታዮቹም «ለዚህ ነው ያን ሁሉ የነከርነው?» ብለው አዘኑ፤ እውነታቸውን ነው። በሁለተኛው ዙር የተቀራረቡ ቀለማትን መረጥሁ፦ አንዱ ክር ደማቅ ቀይ፣ ሁለተኛው ያንኑ ቀለም ሳሳ አድርጎ የተነከረ፣ ሦስተኛው ደግሞ በጉ ራሱ ያበቀለው ቡናማ ጠጉር ላይ ቀዩ የተደገመበት። ይህኛው ከሩቅም ከቅርብም ቀይነቱን አልለቀቀም፤ ጥልቀትም አለው።

ውጤቱና የቀረው ችግር

የተገመደው ክር በቱባ ተጠቅልሎ፣ አራት ቦታ ላላ ተደርጎ ታስሮ፣ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ 20 ደቂቃ ከቆየ በኋላ በፎጣ ተጨምቆ ምንም ክብደት ሳይንጠለጠልበት ተሰቀለ። ክብደት ተንጠልጥሎበት የደረቀ ክር ቀጥ ያለ ይምሰል እንጂ ጠባዩን ደብቆ ነው፤ እኛ ደግሞ የተደበቀ ጠባይ ምን እንደሚያደርግ አይተናል። የመጨረሻው ክር 100 ግራሙ 150 ሜትር ገደማ ሆነ። ሁለተኛው ሹራብ 700 ግራም ፈጀ፤ በሰኔ ወር ተሠርቶ አለቀ፤ ሦስት ጊዜ ታጠበ፤ የጎን ስፌቱ ከቦታው አልተነቃነቀም።

ያልተፈታው ሻካራነቱ ነው። የሰው ቆዳ የሚኮሰኩሰው ውፍረታቸው ከ30 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) የሚበልጡ ጠጉሮች ሲበዙ ሲሆን፣ ከ17 እስከ 22 ማይክሮን አካባቢ ያለው የሜሪኖ ጠጉር የሚወደደው ስለዚህ ነው። የመንዝ ጠጉር ውስጥ ወፋፍራም ጠጉር ብዙ ነው፤ መግመድ ይህን አይለውጠውም። ረዣዥሙንና ሻካራውን ጠጉር ከመነደፉ በፊት በእጅ እየመረጥን ለይተናል፤ ረድቷል፤ ቢሆንም አንገት ላይ የሚያርፈውን ክፍል በሌላ ለስላሳ ክር ሠርቼዋለሁ። ከሸሚዝ በላይ የሚለበስ የደጋ ሹራብ ነው ብዬ ለገዢው በግልጽ እነግራለሁ።

የክፍያው ነገር ሳይነሣ ሊታለፍ አይገባም። ቀደም ሲል ፈታዮቹን ያሠራ ነጋዴ የሚከፍላቸው በኪሎ ነበር፤ እኔም መጀመሪያ ያንኑ ልማድ ተከተልሁ። በኪሎ ሲከፈል ግን ቀጭን የፈተለችው ትጎዳለች፣ ወፍራም የፈተለችው ትጠቀማለች፤ የመግመዱ ድካም ደግሞ ጨርሶ አይቆጠርም፣ ምክንያቱም ግምድ ክብደት አይጨምርም። 100 ግራም ባለ ሦስት ግምድ ክር ከ450 ሜትር በላይ ነጠላ ክር ይጠይቃል፤ መግመዱ ሲጨመር ለአንዲት ፈታይ የስምንት ሰዓት ገደማ ሥራ ነው። ስለዚህ ክፍያው በሜትር ሆነ፦ 100 ሜትር ግምድ ክር ያለበት አንድ ቱባ አንድ ሂሳብ። ሹራቡ በዚህ ምክንያት ተወዷል፤ የተወደደበትንም ምክንያት ለሚጠይቀኝ ሁሉ በሰዓት ቆጥሬ አሳያለሁ።

የዞረው ሹራብ ተፈትቶ፣ ክሩ ታጥቦ፣ ሁለት ሁለት ሆኖ በግራ ጭን ተገምዶ ለወለል ምንጣፍ ዋለ። አንዱን እጅጌ ብቻ እማማ እንዳይፈታ ከለከሉ። ቤታቸው ውስጥ ከእንዝርታቸው አጠገብ ምስማር ላይ ተሰቅሏል፤ ሥራ ለመማር የምትመጣ ልጅ ስትኖር አውርደው ይሰጧትና፣ አንድ ክንድ ክርና አንድ ብርጭቆ ሙቅ ውኃ ከፊቷ ያስቀምጡላታል።